ጓንዡ በፌዝ አይገባም

«ካርቱምን የቻለ ሰው ጓንዡ አይከብደውም፤ ምን ዕቅድ ያስፈልገዋል!» አለን ሰውዬው። ሰማችሁልኝ? ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ከካርቱም ሲበትነን፣ ከጓዙ ሁሉ መተማ ላይ ሳይፈተሽ ያለፈው ጉራው ብቻ ነው። አሁን ደግሞ ጫማ ሊያመጣ ቻይና ሊሄድ ነው። እናንተ ሻይ የያዛችሁ፣ ፍረዱን እስቲ!

«ግርግር ለምጃለሁ» ይላል። ያ ዞል! ካርቱምን፣ ኦምዱርማንንና ካርቱም ባህሪን ደምረህ፣ ቱቲ ደሴትን ብትመርቅበት ጓንዡን አይሞላም። በ2020 እ.ኤ.አ. ቆጠራ 18 ሚሊዮን ሰው አልፏል። ካርቱም ዴም ሰፈር ሁሉም ያውቅህ ነበር፤ ተበድረሃላ! እዚያ ግን የሚያውቅህ ካሜራ ብቻ ነው።

«ሙቀቱንማ ለእኔ ተዉት!» የካርቱም ሙቀት ያጠብከውን ልብስ ያደርቃል። የጓንዡ የሐምሌ ሙቀት የለበስከውን ያጥባል። ሳሙና ይዘህ ሂድ።

«መንገድ ቢጠፋኝ ጎግል አለ።» የለም! ቻይና ጎግልን ዘግታለች፤ ዋትስአፕንም፣ ቴሌግራምንም። ቪፒኤን ሳትጭን ከሄድክ ለሚስትህ «ደርሻለሁ» የምትላት ስትመለስ ነው። የሆቴሉን አድራሻ በቻይንኛ አስጽፈህ ካልያዝክ ለባለታክሲው ምን ልታሳየው ነው? መታወቂያህን? እንደ ካርቱሙ የራክሻ ባጃጅ ሹፌር «ጠዋሊ! ቀጥ በል!» ብለህ ብትጮህበት፣ ጠዋሊ ፖሊስ ጣቢያ ነው የሚወስድህ።

«ዶላሬን ካልሲዬ ውስጥ ይዣለሁ» ይለናል ደግሞ። ካልሲህ ይሸታል እንጂ አይሸጥም! እዚያ ጎመን ሻጯ እንኳ ሒሳብ የምትቀበለው በስልክ ነው፤ ኮዷን ሚዛኗ ላይ ለጥፋለች። «አሊፔይ አስጭን» ብንለው «አሊ ከከፈለማ ምን ቸገረኝ!» አይል መሰላችሁ? ወንድሜ፣ አሊ ጋባዥ አይደለም። የሚበላው ከራስህ ካርድ ነው፤ ካርድህን ደግሞ ሳትነሳ እዚሁ አያይዘው።

«እኔን እኮ ክርክር ያስተማረኝ የኦምዱርማኑ ሱቅ ሊቢያ ነው!» እሺ፣ ጓንዡ ላይ ተከራከራ። ሻጯ ካልኩሌተሯን ጠቅ ጠቅ አድርጋ ታዞርልሃለች። አንተም ጠቅ ጠቅ አድርገህ ትመልስላታለህ። አፍህ ሥራ ፈታ! ካልኩሌተር «ወላሂ» አይገባውም፤ «ለእኔ ብለሽ» የሚል ቁልፍም የለውም። እሷ የምትጠይቅህ አንድ ነገር ነው፦ ስንት ካርቶን? የአንተ መልስ አንድ ጥንድ፣ ያውም ቁጥር 42፣ ያውም ለራስህ።

ከሁሉ የሚብሰው ቀኑ ነው። ጓንዡ የሚካሄደው የካንቶን የንግድ ትርዒት ከ1957 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። በዓመት ሁለቴ ይከፈታል፤ በእኛ አቆጣጠር ጥቅምትና ሚያዝያ ላይ። ሦስት ፌዝ አለው። ፌዝ አንድ ኤሌክትሮኒክስና ማሽን። ፌዝ ሁለት የቤት ዕቃ። ፌዝ ሦስት ልብስና ጫማ። ታዲያ ይሄ ባለጫማ ቲኬት የቆረጠው ለየትኛው ነው? ለፌዝ አንድ! ጫማ ብሎ ሄዶ ቡልዶዘር ሲለካ ሊውል! ከ1.5 ሚሊዮን ካሬ ሜትር በላይ የሆነውን አዳራሽ ሲዞር ያደረጋትንም ጫማ ጨርሶ ባዶ እግሩን ሊመጣ! ቻይናዎቹ ሦስት ፌዝ ብቻ ነው ያዘጋጁት፤ አራተኛውን እኛ ልከንላቸዋል።

«ካልሆነ በቻይና አዲስ ዓመት እሄዳለኋ!» ሂድ፣ ማን ያዘህ! ፋብሪካው ተዘግቷል፣ ሠራተኛው አገሩ ገብቷል፣ ዘበኛው ብርቱካን ይጋብዝሃል። ወንድሜ፣ ጓንዡ ያለ ዕቅድ የሄደ ጓዙን ብቻ ይዞ ይመለሳል።

ግን ምንም አላቀደም ብለን አንማው። የመመለሻ ቲኬት ቆርጧል። እሱንም ያስቆረጠችው ሚስቱ ናት። መጀመሪያ መሄጃውን ብቻ ልታስቆርጥለት አስባ ነበር አሉ፤ ቻይናዎቹ አሳዝነዋት ተወችው።