ዝክረ «አክተር አይሞትም»

በዘቢዳር ተራራ ግርጌ ተወልዳችሁ፣ በቡታጅራ ገበያ ግርግር አድጋችሁ፣ ዛሬ በየአገሩ የተበተናችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፤ በብራና ሳይጻፍ፣ በጉባኤ ሳይወሰን፣ በየቪዲዮ ቤቱ አግዳሚ ላይ በቃል ሲወርድ ሲዋረድ የኖረውንና የልጅነታችን ቀኖና የነበረውን «አክተር አይሞትም» የተባለውን ክቡር ሕግ ለመዘከር በተሰበሰብንባት በዚህች ሰዓት፣ እንደ ወጉ አስቀድሜ የሕይወት ታሪኩን አነባለሁ፤ ንፍሮው ኋላ ይደርሳል።

ሟቹ ከአባቱ ከካውቦይ ፊልም፣ ከእናቱ ከካራቴ ፊልም ተወለደ። ዕድሜው ለትምህርት በደረሰ ጊዜ ወደ «ኮማንዶ» ገብቶ፣ አንድ አባት ብቻውን በአንዲት ደሴት ላይ የሰፈረውን ሠራዊት ፈጅቶ ልጁን ይዞ ሲመለስ እያየ ሥርዓቱን ጠንቅቆ ተማረ፤ ማዕርግ የተቀበለው ግን ከ«ራምቦ» ነው። ራምቦን ካነሣሁ ዘንድ አንድ ነገር በጎን ልበል፦ ይህን ሰው በ1972 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በልብ ወለድ መጽሐፉ የፈጠረው ዴቪድ ሞሬል በመጨረሻው ገድሎት ነበር፤ ፊልም ሠሪዎቹ ግን ከሞት አተረፉት። ስላዘኑለት ብቻ አይመስለኝም፤ የሞተ ሰው ክፍል ሁለት የለውምና።

ሟቹ በከተማችን ያገለገለበት ደብር ግድግዳው ጭቃ፣ መስኮቱ በማዳበሪያ ከረጢት የተደፈነ፣ በሩ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ የተንጠለጠለበት አንድ ክፍል ሲሆን፣ ከጎኑ የማረቆ በርበሬ የሚከማችበት መጋዘን ስለ ነበረ ምእመናኑ በየጊዜው ያስነጥሱ ነበር። ባለቤቱ ቆመጥ ይዞ በር ላይ ይቆማል፤ ሃምሳ ሳንቲም የከፈለ ይገባል። አክተሩ በጥይት ሲከበብ፣ ከገደል ሲወረወር፣ ቤት ሲናድበት ማንም አይደነግጥም፤ አዲስ የመጣ የገጠር ልጅ ቢደነግጥ እንኳ ከኋላው አንዱ ትከሻውን መታ አድርጎ «አይዞህ፣ አክተር አይሞትም» ይለዋል። ከብዙ ሰባኪ የማይገኝ መጽናናት ነበር።

ለሞት ያበቃው ሕመም ያደረበት በ«ዳግማዊ ተርሚኔተር» ነው። ጄምስ ካሜሮን የሠራው፣ በእኛ ቋንቋ «ዕለተ ደይን» ብንለው የሚስማማው ይህ ፊልም በአሜሪካ ለሕዝብ የታየው ሰኔ 26 ቀን 1983 ዓ.ም፣ በአገራችን መንግሥት ከተለወጠ ወር ከሳምንት በኋላ ነበር፤ ካሴቱ ከቅጂ ቅጂ እየተወለደ፣ ምስሉም እንደ ዘቢዳር ጉም እየደበዘዘ ቡታጅራ እስኪደርስ ግን ዓመታት ፈጀ። በ1977 ዓ.ም በወጣው በመጀመሪያው ክፍል ከመጪው ዘመን ለግድያ የተላከ ርኅራኄ የሌለው ማሽን የነበረው አርኖልድ፣ ያንኑ መልክና ያንኑ ጥቁር መነጽር ይዞ የልጅ ጠባቂ ሆኖ ብቅ ሲል፣ የፊተኛውን ያየን ሁሉ ግራ ተጋባን፤ ከኋላ አግዳሚ የተቀመጠ አንድ ጎረምሳ ግን «ንስሐ ገብቶ ነው» ብሎ ነገሩን ዘጋው።

ባላጋራው ሲወጉት የሚደፈን፣ ሲበትኑት የሚሰበሰብ፣ እንደ ውሃ ፈስሶ መልሶ የፖሊስ ልብስ ለብሶ የሚቆም ብረት ነበር። ሆሊውድ ለዚህ የዓይን ተአምር ኦስካር ሸለመ፤ እኛ ግን ከከተማችን ወጣ ብሎ ሐረ ሸይጣን የሚባል ሐይቅ ያለን ሰዎች ስለ ሆንን የፍጡሩን ማንነት ለማወቅ ሽልማት አላስፈለገንም፤ እኔ አማተብሁ፣ ከጎኔ የነበረው ጓደኛዬም «አዑዙ ቢላህ» አለ።

ይህ ርኩስ በቀለጠ ብረት ባሕር ገብቶ ሲጠፋ ጭብጨባው ጣራውን አነቃነቀው፤ ሕጉ ተፈጽሟልና አንዳንዱም ጫማውን ይፈልግ ጀመር። አርኖልድ ግን አልሄደም። በራሱ ውስጥ ያለችው ቁራጭ ቺፕ ለሰው ልጅ ጥፋት ምክንያት እንዳትሆን እርሱም መጥፋት እንዳለበት፣ ራሱን በራሱ ማጥፋት ስለማይችልም በሰንሰለት እንዲያወርዱት ተናገረ፤ እንግሊዝኛ የሚያውቅ በመካከላችን ስላልነበረ ይህን ያህሉን ያነበብነው ከልጁ ዕንባ ነው። ሰንሰለቱ ወረደ። ጕልበቱ፣ ደረቱ፣ ራሱ ገባ፤ በመጨረሻ የቀረችው አንዲት እጅ አውራ ጣቷን ቀስራ ሰጠመች።

ቤቱ ጸጥ አለ። ሁሉም ዓይኑን ይጠርግ ነበር፤ ሁሉም በርበሬው ነው አለ።

ከዚያ በኋላ የተነሣው ክርክር ለሊቃውንት ጉባኤ የሚበቃ ነበር። የሟቹ ወገኖች «ማሽን አይሞትም፣ ይበላሻል እንጂ፤ ስለዚህ ሕጉ አልፈረሰም» ሲሉ፣ ብየዳ ቤት የሚሠራ ልጅ፣ ብረት ስለሚያውቅ ሁሉም የሚሰማው፣ «ብረት ከቀለጠ ወዲያ ዶማ ይሆናል፣ ማረሻ ይሆናል፤ አርኖልድ ግን አይሆንም» ብሎ የሞት ማስረጃውን ፈረመ።

እንግዲህ ሟቹ በክብር ሞቶ ነበር እላለሁ፤ የገደለው ጥይት ሳይሆን አክተሩ ራሱ ወድዶና ፈቅዶ የወረደበት ሰንሰለት ነውና፣ ከዚያ የተሻለ አሟሟት ለአንድ ሕግ አይገኝለትም። ያሳዘነኝ ተዝካሩን ያረከሱት ወራሾች ናቸው። በ1995 ዓ.ም ያንኑ መልክ «ይህ ሌላ ማሽን ነው» ብለው አመጡት፤ በ2001 ዓ.ም መልኩን ብቻ፣ በ2007 ዓ.ም ደግሞ ሽበቱን ጨምረው ደገሙት፤ በ2012 ዓ.ም ግን ካሜሮን ራሱ ከአዘጋጆቹ አንዱ ሆኖ በተመለሰበት ክፍል ያ ሁሉ መሥዋዕትነት የተከፈለለትን ልጅ ገና ከመጀመሪያው አስገደሉት፤ ገዳዩም ያው መልክ ያለው ሌላ ማሽን፣ ኋላ አርጅቶ መጋረጃ በመሸጥ ይተዳደር ጀመር። ይህን ያየ አንድ የሰፈራችን ሰው «በመጨረሻ ሥራ ያዘ» ሲል ሰምቼዋለሁ፤ ሌላ በጎ ነገር የተናገረለት አልሰማሁም።

እኔ የማምነው አንዱን ትንሣኤ ብቻ ነው፤ እርሱም በዚያችው ሌሊት የሆነው ነው። ክርክሩ ወደ ጩኸት ተለውጦ፣ አክተሩ የሞተበት ፊልም ፊልም አይደለምና ሃምሳ ሳንቲማችን ይመለስ ብለን በተነሣን ጊዜ፣ ባለቤቱ ቆመጡን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ዴኩ ፊት ተንበረከከና ካሴቱን ምስሉ እየታየ ወደ ኋላ ያጠነጥነው ጀመር። በቴሌቪዥኑ የተሰነጣጠቀ መስታወት ላይ ነጫጭ መስመሮች ተራወጡ፤ ከሚንቀለቀለው እሳት መካከል አስቀድማ አውራ ጣት ወጣች፣ ቀጥላ እጅ፣ ራስ፣ ደረት፤ አርኖልድም ብረቱን ሳያንጠባጥብ በሰንሰለቱ ላይ ቆሞ ወደ ላይ ዐረገ። አጨበጨብን።

ባለቤቱም ዴኩን አጠፋና «ይኸው ወጣላችሁ፤ አሁን እናንተም ውጡ» አለን።