ጀምበር አሳዳጁ

ጀምበር የምትጠልቀው ሁልጊዜ ሰው በሚፈልገኝ ሰዓት ነው። ቡናው የሚቀርበው ያኔ ነው፤ እንግዳ የሚሸኘው ያኔ ነው፤ ባለቤቴ "እስቲ ዳቦ ገዝተህ ና" የምትለኝም ያኔ ነው። ዳቦ ሊገዛ የወጣ ሰው ጣራ ላይ ጀምበር ፎቶ ሲያነሣ ሲገኝ ምን እንደሚባል አልጽፈውም፤ ይህን ገና ያላገቡ ሰዎችም ያነቡታል።

ስቶክሆልም የሚኖረው ጓደኛዬ በዚህ በኩል ታድሏል። እዚያ በሰኔና በሐምሌ ፀሐይ አድማሱን እየታከከች በሰያፍ ስለምትወርድ ሰማዩ እንደቀላ ብዙ ይቆያል። "ልጆቹን እራት አብልቼ፣ ዕቃ አጥቤ ነው የምወጣው" ይለኛል። እኛ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ናት፤ ጀምበሯም ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። ጠርዟ አድማስ ከነካ በኋላ ጨርሳ ለመሰወር 2 ደቂቃ ያህል ይበቃታል። ስልኩን ከኪስ አውጥቼ የመክፈቻውን ቁጥር ተሳስቼ እንደገና እስክሞክር ጉዳዩ አልቋል። ደግነቷ ቀጠሮ አታዛባም፤ በኅዳር ከ12 ሰዓት ትንሽ አለፍ ብላ፣ በሐምሌ ደግሞ 12 ከ45 ገደማ። የሐምሌዋን እንኳ ዝናብ እንጂ ማን አይቷት!

ለነገሩ ብትቆይልኝስ? ስልኩ ራሱ አላማረውም። ስልክ የተሠራው ነጭ ነገር በየትኛውም መብራት ሥር ነጭ እንዲመስል ነው። ስለዚህ ሰማዩ ሲቀላ "አንድ ነገር ተበላሽቷል" ይልና ያርመዋል። እኔ ለቀዩ ብዬ መሰላል ወጥቼ፣ እሱ ቀዩን ያጥብልኛል። በዚህ ላይ ፊት ለፊቴ ያለው የጎረቤት ጣራ መጨለሙ ያሳዝነዋል። ጣራውን አበራለሁ ሲል ሰማዩ ይገረጣል፤ የጎረቤቴ የውሃ ሮቶ ግን ከነዝገቱ መቆሚያው ፍንትው ብሎ ይወጣል። መድኃኒቱ ሰማዩን በጣት ነክቶ ብርሃኑን ወደ ታች መሳብ ነው። ለፀሐይዋ መጠን ግን መድኃኒት የለውም። ሰማይ ላይ የምትይዘው ግማሽ ዲግሪ ብቻ ነው፤ አድማስ ላይ ስትደርስ የምታተልቃት አእምሯችን ናት። ስልክ አእምሮ ስለሌለው ምስር አድርጎ ያስቀምጣታል።

የባሰው ደግሞ ይኸውና፦ አድማሱ ሜዳ በሆነበት ቦታ፣ ጀምበር መሬት ነካች ብለን ስንጣደፍ እሷ በእውነቱ ጠልቃ ጨርሳለች። አየሩ ብርሃኗን ስለሚያጎብጠው ከአድማስ በታች ያለችውን ነው የምናየው። ይህን ለባለቤቴ አልነገርኳትም። "ገና አልጠለቀችም እኮ" የምትለው መልሴ ሁለተኛ አትሠራም።

ብቻዬን እንዳልሆንኩም አውቃለሁ። ፔነሎፒ አምብሪኮ የምትባል አሜሪካዊት አርቲስት በ2006 እ.ኤ.አ. ፍሊከር በተባለው የፎቶ ድረ ገጽ ላይ የጀምበር መጥለቅ ፎቶ ብትፈልግ 541,795 አገኘች። ፀሐዮቹን ብቻ እየቆረጠች አሳትማ ግድግዳ ሙሉ ደረደረቻቸው። ሊያይ የመጣው ሕዝብም ከግድግዳው ፊት ቆሞ ፎቶ ተነሣ። ያን ሁሉ ሰው "የኔዋ ትለያለች" ያሰኘው ምን እንደሆነ ልገልጽላችሁ አልችልም፤ የኔዋ ግን ትለያለች።

ይህን የተረዳችልኝ አክስቴ ብቻ ናት። የላክሁላትን ፎቶ ሁሉ ትቀበላለች፤ "እንደምን አደራችሁ" ብላ ትጽፍበትና ገና ጎሕ ሳይቀድ ለዘመድ አዝማድ ትበትነዋለች።

"እቴቴ፣ ይሄ እኮ የማታ ነው።"

"ታዲያ ፀሐይ አይደለችም እንዴ?"

መልስ የለኝም። ጧትም ማታም ብርሃኗ ረጅም አየር አቋርጦ ነው የሚደርሰን፤ ሰማያዊው በየመንገዱ ተበትኖ ቀዩ ይተርፋል። በፎቶ ብቻ ጧቱን ከማታው እለያለሁ የሚል ካለ ይቅረብ። ብቻ ከዚያ ወዲህ ሥራዬን ከወዲያ ወዲህ ሲዞር አገኘዋለሁ። አንዱን "ነፍስ ይማር" ተጽፎበት አየሁት፤ እዚያው ሳምንት ያው ፎቶ የሠርግ ጥሪ ሆኖ መጣልኝ።

ለጀምበር አሳዳጅ ሐዋሳን የመሰለ የለም። ከተማዋ ከሐይቁ በስተምሥራቅ ስለሆነች ፀሐይዋ በውሃው ማዶ ነው የምትወርደው፤ ጣራ መውጣት የለ፣ ሮቶ የለ። አባ ኮዳዎቹ አሣ ሲጠብቁ እኔ ፀሐይ እጠብቃለሁ። አንድ ቀን ፍቅር ሐይቅ ዳር ካሜራ በአንገቱ ያንጠለጠለ ልጅ ሲታዘበኝ ቆይቶ ቀረበኝ።

"ጋሼ፣ እሷን ለምን ያነሷታል? ነገም ትመጣለች፤ ደግሞም አትከፍልም።"

ሙያተኛ ነው፤ ተከራክሬው አልረታውም። መዳፌን ዘርግቼ እንድቆም አዘዘኝ፤ "ትንሽ ዝቅ... አሁን ያዟት!" አለና ፀሐይዋን እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። እኔ ከነባርኔጣዬ ጥቁር ጥላ ብቻ ሆኜ ወጣሁ። ከፍዬ እዚያው ለአክስቴ ላክሁላት። ወዲያው ደወለች።

"ምነው ልጄ፣ ጥላህ እንኳ ከስቷል! ምግብ አትበላም እንዴ?"

"እበላለሁ፣ እቴቴ። ፎቶውስ?"

"ጥሩ ነው። በል ፀሐይዋን ለብቻዋ ቆርጠህ ላክልኝ፤ ነገ ሚካኤል ነው።"