ሰዓታት ቋሚዋ ኮሮላ

አውቶሞቢል በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1900 ዓ.ም.፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ከሌባ የሚጠብቀው መሣሪያ አላስፈለገውም፤ ሰርቆ ሊነዳው የሚችል ሌባ በከተማው ገና አልተፈጠረምና። ዛሬ ግን መንዳት የማይችል ሌባ ብርቅ ስለ ሆነ፣ ያገለገለች ኮሮላ የሚገዛ ሰው ሊብሬው በስሙ ሳይዛወር አስቀድሞ ከወዳጅ ከዘመዱ የሚሰማው ምክር «አላርም አስገጥምላት» የሚል ነው።

እኔም ምክሩን ሰምቼ በሐምሌ ማለቂያ ወደ አንድ የመኪና ዲኮር ቤት ወሰድኋት። ገጣሚው ወጣት ከመሪው ሥር ተጋድሞ ሽቦ ሲመዝ፣ ሲልጥ፣ ሲጠመዝዝና በጥቁር ናስትሮ ሲጠቀልል የእጁ ቅልጥፍና የሚያስደንቅ ነበር፤ ምንም እንኳ ካውያና ሊድ የሚባል ነገር በዚያ ቤት ባይታይ፣ መመሪያውን የያዘችውም ትንሽ ጥራዝ ሳትገለጥ ከነካርቶኗ ወደ ቆሻሻ ብትወረወር፣ ሪሞቱን ተጭኖ ፍሬቻዎቹ ብልጭ ባሉ ጊዜ ሥራው መፈጸሙን እንደ ባለ ሙሉ ሥልጣን አወጀ።

ነሐሴ 1 ቀን ጾመ ፍልሰታ ገባ። ቤቴ ከደብሩ አጥር ብዙ አይርቅምና በነዚያ 15 ቀናት የሰፈራችን ሌሊት የካህናት ነው። ታዲያ ካህናቱ ሰዓታት ቆመው፣ ምእመናኑም ነጠላቸውን አጣፍተው በዝናብ ሲገሠግሡ፣ ኮሮላዬ ማንም ሳይነካት ድንገት ነቅታ ማሕሌቱን ተቀላቀለች። ስድስት ዓይነት ጩኸት አላት፤ ስድስቱንም በተራ አድርሳ ስታበቃ ደግሞ ከመጀመሪያው ታነሣለች። በማግሥቱ ጠዋት ጎረቤቴ መሪጌታ በር ላይ ጠበቁኝ።

«ልጄ፣» አሉኝ፣ «አባታችን ቅዱስ ያሬድ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ፣ በሦስቱ ዜማ የዓመቱን ምስጋና ሁሉ አደረሰው፤ ያንተይቱ ስድስት ዜማ ይዛ አንድ ቃል አልወጣትም። ለመሆኑ የማን ደቀ መዝሙር ናት?»

«ይፍቱኝ የኔታ፤ ዛሬውኑ አሠራታለሁ» ብዬ ወጣሁ።

የሰፈሩ ሰው ግን መፍትሔውን ከእኔ አልጠበቀም። ዘበኛው ድመት ነው አለ፤ የጎረቤት ወይዘሮ ዓይን ነው አሉ፤ ከከባድ መኪና ሹፌርነት በጡረታ የተገለሉት አዛውንት ደግሞ ለማንኛውም የመኪና ደዌ የሚሰጡትን ፍርድ ሰጡ፤ «ባትሪ!» ዲኮር ቤቱም በበኩሉ ጥፋቱን በሴንሰሩ ላይ ጣለ። ሴንሰር የሚባለው ከክሩስኮቱ ሥር የተለጠፈ፣ ንቅናቄ ሲሰማው ለአላርሙ የሚያቀብል ትንሽ ሣጥን ሲሆን፣ ስሜቱ የሚለካው በጎኑ ባለች ደቃቅ ብሎን ነው፤ ወጣቱ ብሎኗን በካቻቢቴ ወደ ታች አዙሮ አዙሮ፣ ጎማውን በርግጫ ቢመታት እንኳ ድምፅ እንደማታሰማ በኩራት አሳየኝ። የዚያን ሌሊት ዘነበ፤ ኮሮላዬም ጮኸች።

በዋዜማ ቡሄ የሆነው ግን ለአስተዋይ ሰው በቂ ማስረጃ ነበር። ያ ምሽት ያለ ዝናብ የመሸ ነበርና ልጆቹ በሯ ሥር ቆመው «ሆያ ሆዬ» እያሉ መሬቱን በዱላ ሲደበድቡ፣ አንዱም ጅራፉን ከኮፈኗ አጠገብ ሲያጮኸው፣ እሷ ዝም! ሌሊቱ ተጋምሶ፣ ሰውም ድመትም ከመንገድ በጠፋ ሰዓት፣ ካፊያ በጀመረ ጊዜ ግን እዬዬዋን ለቀቀችው።

ጋራዥ ስወስዳት ፀሐይ ወጣ፤ ፀሐይ ሲወጣ ሕመሟ ጠፋ። መካኒኩ ምንም ሊያገኝባት ስላልቻለ ባትሪውን ለካ፤ የሞላ ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ሲያርፍ 12.6 ቮልት ያህል ማሳየት ሲገባው የእኔው ሌሊቱን ሲጮኽ አድሮ ከ12 በታች ወርዶ ስለ ተገኘ፣ የጡረተኛው ፍርድ ጸና፤ አዲስ ባትሪ ገዛሁ። ጥቅሙ አልቀረም፤ ከዚያ ወዲህ እስኪነጋ የምትጮኽበት ጉልበት አገኘች።

ነገሩን የፈታው አንድ አሮጌ አውቶ ኤሌትሪሻን ነው። መሣሪያ ከማንሣቱ በፊት ሁለት ነገር ጠየቀኝ፤ «የምትጮኸው ሲዘንብ ነው? ጩኸቱን ሲያጠፉት ቀይዋ መብራት ስንት ጊዜ ትጠቅሳለች?» ይህች መብራት፣ ለካ፣ እንደየሥሪቱ በሚለያይ ቁጥር እየጠቀሰች፣ በርም ይሁን ኮፈን ወይም ሴንሰር፣ አላርሙን ያስጮኸውን የምትመሰክር ኖሯል፤ ሌሊት ሌሊት ቃሏን ስትሰጥ፣ የምስክርነቷ መፍቻ ግን በዚያች በተጣለች ጥራዝ ውስጥ ቀርቷል። ሰውየው ከልምዱ «ኮፈን ትላለች» አለና ኮፈኑን ከድኖ፣ አላርሙን ቆልፎ፣ አንድ ጣሳ ውኃ በጠርዙ ላይ አንቆረቆረ። ጥቂት ቆይታ ጮኸች። በመኪናው ጩኸት እልል ለማለት የቃጣው ሰው ከእኔ በፊት የነበረ አይመስለኝም።

ምሥጢሩ ያለው በኮፈኑ ጠርዝ ሥር በተተከለች ባለ ሞላ ስዊች ነው። ኮፈኑ ሲከደን ትጫናለች፤ ሲከፈት ተነሥታ ሽቦውን ከመኪናው አካል፣ በነሱ አነጋገር ከማሳው፣ ጋር ታገናኛለች፤ አላርሙም ኮፈን ተከፈተ ብሎ ይጮኻል። ወጣቱ የተከላት የዝናቡ ውኃ ከሚወርድበት ቦይ ላይ ስለ ነበር፣ ውኃና ዝገት ተጋግዘው ኮፈኑ ተከድኖ ሳለ ያንኑ ያገናኙ ነበር። ሽማግሌው ወደ ደረቅ ሥፍራ አዛወራት፣ የተጠመዘዙትን ሽቦዎች በሊድ በየዳቸው፣ ሒሳቡን ተቀበለኝ።

በጳጉሜን ጠዋት ስወጣ ሁለቱም ስፖኪዮዎቿ ተነቅለው ተወስደዋል። የዲኮር ቤቱ ልጅ ወደ ታች ያዞራትን ብሎን ወደ ቦታዋ የመለሰ አልነበረምና አላርሙ ቁልፍ እንደ ሆነ፣ ቀይዋም መብራት በሰላም ብልጭ ድርግም እያለች አገኘኋቸው። መሪጌታን ኮቴ ወይም ድምፅ ሰምተው እንደ ሆነ ጠየቅኋቸው።

«ምን ሰምቼ ልጄ፤» አሉኝ ፊታቸው በርቶ፣ «ይኸን ክረምት እንደ ትናንት ሌሊት ተኝቼ አላውቅም።»