ባለ ቁልፍ ስልክ የያዙ ጌመኞችን ለማስተዳደር የወጣ አዋጅ

ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ከኩርሙክ እስከ ባምባሲ፣ ከመንጌ እስከ ጉባ ያለህ፣ ስልክ ያለህም የሌለህም ስማ! (የሌለህ አትደሰት፤ የገዛህ ዕለት ተመዝግበህ ታገኘዋለህ።)

በቀን 2 ብር እየከፈለ በቪዲዮ ጌም ውስጥ ተጨማሪ ደረጃ፣ ተጨማሪ መሣሪያና ተጨማሪ ነፍስ የሚያገኘውን ደንበኛ ቁጥር ማብዛት አስፈላጊ ሆኖ በመገኘቱ፤

ደንበኛውን አስቀድሞ መጠየቅ ጊዜ የሚያባክን አሠራር መሆኑ ስለተረጋገጠ፤

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1682 ዝምታ እንደ መቀበል አይቆጠርም ማለቱ ለዘርፉ ዕድገት ማነቆ ሆኖ በመቆየቱ፤

በአንጻሩ ዝምታ ወርቅ መሆኑን አበው ስለነገሩን፣ የቤንሻንጉል ምድርም ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ ወርቅ ሲገብር የኖረ በመሆኑ፣ ከመሬቱ ወርቅ ሌላ የነዋሪውንም ዝምታ ቆፍሮ ማውጣት ተገቢ መሆኑ ስለታመነበት፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1። አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ “የዝምታ ደንበኝነት አዋጅ ቁጥር 2/በቀን” ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2። ትርጓሜ

“ደንበኛ” ማለት ስልክ ቁጥር ያለው ሰው ነው።

“ስምምነት” ማለት ደንበኛው መልእክቱ ሲገባለት ስልኩን ግድግዳ ላይ አለመፈጥፈጡ ነው።

“ነጻ የሙከራ ጊዜ” ማለት ደንበኛው መመዝገቡን ሳያውቅ የሚያሳልፋቸው ሦስት ቀናት ናቸው።

“እናት” ማለት፣ ይህን ቃል በኋላ እንመለስበታለን።

አንቀጽ 3። የተፈጻሚነት ወሰን

ይህ አዋጅ መመዝገብ በሚፈልግ ሰው ላይ ተፈጻሚ አይሆንም። የእህቴን ልጅ እንውሰድ (አዋጅ አውጪው አካል እህት አለው)። ልጁ አሶሳ ውስጥ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 አግኝቶ ከዓለም ልጆች ጋር ኳስ ልግጠም አለ። ለዚያ ፕሌይስቴሽን ፕላስ የሚባል ደንበኝነት ይፈለጋል፤ ሶኒ እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ በሦስት እርከን ከፋፍሎ ይሸጠዋል። ልጁ አካውንት ሊከፍት ቢሞክር “አገርህን ምረጥ” በሚለው ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። ዱባይ ነኝ ብሎ ገባ። ቀጥሎ በዶላር የሚከፍል ካርድ ተጠየቀ። የዱባዩ ሰው ካርድ የለውም።

ስለዚህ ልክፈል ብሎ የሚለምን ልጅ ደንበኛ መሆን አይችልም፤ ወደ ፕሌይስቴሽን ቤት ሄዶ በጨዋታ ይከፍላል። ዳኛው ፊሽካ ሲነፋ ሂሳቡም ያልቃል፤ ባለቤቱም “ጌም አልቋል፣ ተነስ!” ይለዋል። ሰውን በግልጽ ተነስ የሚል ንግድ ኋላ ቀር በመሆኑ በዚህ አዋጅ አይሸፈንም።

አንቀጽ 4። ከአገልግሎቱ ስለ መውጣት

1. ማንኛውም ደንበኛ በፈለገ ጊዜ ከአገልግሎቱ መውጣት ይችላል።

2. በንዑስ አንቀጽ 1 የተደነገገው ቢኖርም፣ መውጣት የሚችለው “ስቶፕ” የሚለውን ቃል በላቲን ፊደል ጽፎ የላከ ብቻ ነው።

ሀ) ባለ ቁልፍ ስልክ የያዘ ደንበኛ 7ን አራት ጊዜ፣ 8ን አንድ ጊዜ፣ 6ን ሦስት ጊዜ፣ 7ን እንደገና አንድ ጊዜ፣ በድምሩ ዘጠኝ ጊዜ ይጫናል። ጣቱ ዘግይቶ 7ን ሦስት ጊዜ ብቻ የነካ እንደሆነ “አር” የሚል ፊደል ይወጣል፤ “የላኩት ቃል ትክክል አይደለም” የሚል መልስም ይደርሰዋል።

ለ) ማንበብ የማይችል ደንበኛ መልእክቱን አንብቦ እንደተረዳ ይቆጠራል። የሚያነብለት ልጅ ከትምህርት ቤት እስኪመለስ ሂሳቡ አይጠብቅም።

ሐ) ቀሪ ሂሳብ የሌለው ደንበኛ የመውጫውን መልእክት መላክ ስለማይችል አይወጣም። ቀሪ ሂሳብ ያለው ይወጣል። ነገር ግን ካርድ እንደሞላ የቆየው ውዝፍ በዚያው ቅጽበት ስለሚቆረጥበት ቀሪ ሂሳብ አይኖረውም፤ ቀሪ ሂሳብ የሌለው ደንበኛ ደግሞ በዚህ ፊደል መጀመሪያ ላይ በተገለጸው አኳኋን አይወጣም።

መ) መብራት ጠፍቶ ስልኩ የተዘጋበት ደንበኛ፣ ስልኩ ቢዘጋም ደንበኝነቱ አይዘጋም። እዚሁ ክልል ጉባ ላይ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ በጳጉሜን 2017 መመረቁ ይህን ፊደል አይለውጠውም።

ሠ) “ደንበኝነትዎ ተሰርዟል” የሚል መልእክት የደረሰው ደንበኛ በማግሥቱ “እንኳን ደህና ተመለሱ!” የሚል ይደርሰዋል። መመለስ ያልፈለገ ከመጀመሪያውኑ ባልወጣ ነበር።

ረ) ስልኩ ጌሙን የማይከፍትለት ደንበኛም እኩል ይከፍላል። ስልኩ ሬዲዮና ለማታ መንገድ የምትሆን መብራት ብቻ ቢኖረውም፣ የተገዙለት መሣሪያዎችና ነፍሶች በስሙ ይከማቻሉ፤ አንድ ቀን ትልቅ ስልክ ቢገዛ ሙሉ ጦር ይዞ ይጀምራል።

ሰ) አሁን ወደ ዘለልነው ትርጓሜ እንመለስ። “እናት” ማለት በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ተጭና መጥታ፣ አሶሳ ዙሪያ ስም ሳይሆን ቁጥር ከወጣላቸው አምባዎች በአንዷ ከአርባ ዓመት በላይ የኖረች ሴት ናት። ያን ጊዜም ፈቃዷን የጠየቀ አልነበረም። ግን መዝገብ ላይ ሲያሰፍሯት ቢያንስ ስሟን ጠይቀዋታል፤ እሷም “አቤት” ብላለች። የካርዷን ገንዘብ የምታገኘው ማንጎ ሸጣ ነው። ለግድቡ በ8100 መልእክት ሲላክ እየጻፈላት የሚልክላት የልጅ ልጇ ነበር፤ እሷ አጠገቡ ቁጭ ብላ ስንት እንደሰጠች በጣቷ ትቆጥራለች። መስጠት ታውቃለች። ሲጠይቋት ትሰጣለች።

ባለፈው ክረምት እሁድ ዕለት የ15 ብር ካርድ ሞላሁላት። የስድስት ቀን ውዝፍ 12 ብር ወዲያው ተቆረጠ። ሰኞ 2 ብር ተቆረጠ። ማክሰኞ 2 ብር ስላልነበራት፣ የሌለው ቢቀር ያለው ይምጣ ተብሎ የቀረችው 1 ብር ተወሰደች። ማክሰኞ ሌሊት ወባ ተነሳባት። ለብቻዋ ናት። ስልኳን አነሳች። “ደውልልኝ” የሚላክበትን ኮከብና መሰላል አታውቅም፤ የምታውቀው አረንጓዴዋን ቁልፍ ነው። እኔ አሶሳ ሆኜ ስልኬን ራስጌዬ አድርጌ ተኝቻለሁ። ጠዋት ጎረቤቷ በራሱ ስልክ ደውሎ ነገረኝ። ስደርስ ትኩሳቱ ለቋት ቡና ልታፈላ ትንጎዳጎዳለች። “ያቺ ሴትዮ በቂ ሂሳብ የለሽም ትለኛለች” አለችኝ፤ “ልጄ እሁድ ሞልቶልኛል ብዬ ባስረዳት፣ ባስረዳት፣ አልሰማ አለችኝ። ምን አስቀይሜያት ይሆን?”

ተቀርጾ የተቀመጠ ድምፅ ነው፣ እማ። ምንም አላስቀየምሽም። ሌሊቱን ሙሉ ለማሽን ስታስረዳ አድራለች። ለምን? ተኳሽ ልጅ በሚዘልበት፣ በሕይወቷ አይታው በማታውቀው ጌም ውስጥ አዲስ ጠመንጃ ተገዝቶላት! እናንተ ሰዎች እናት የላችሁም? ወይስ የእናንተም እናቶች ተመዝግበዋል?

ይቅርታ። አዋጅ በዚህ ቃና አይነገርም። እንቀጥል።

ሸ) በሕመም ምክንያት መደወል ፈልጎ በውዝፍ ምክንያት መደወል ላልቻለ ደንበኛ ማካካሻ ይሆን ዘንድ፣ በጌሙ ውስጥ አንድ ተጨማሪ ነፍስ በነጻ ይሰጠዋል።

አንቀጽ 5። ስለ ቅሬታ

ቅሬታ ያለው ወደ ድርጅቱ መደወል ይችላል፤ የሚደውለው ግን ደንበኛዋ ራሷ፣ ከራሷ ስልክ፣ በራሷ ሂሳብ ነው። ልጇ በአካል ሄዶ የጠየቀ እንደሆነ “ሲስተሙ ነው” ይባላል። ሲስተሙን ላናግረው ያለ እንደሆነ “ሲስተም የለም” ይባላል። ሲቆረጥ ግን ጠፍቶ አያውቅም።

አንቀጽ 6። ምርጥ ተሞክሮ

የአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2024 ከማንኛውም ደንበኝነት መውጣት የመግባትን ያህል ይቅለል የሚል ደንብ አውጥቶ ነበር። ሥራ ላይ ሊውል ቀናት ሲቀሩት በሐምሌ 2025 ፍርድ ቤት ሻረው። በዚህ ረገድ አዋጃችን ከታላላቆቹ አገሮች እኩል መራመዱን ስንገልጽ ደስታ ይሰማናል።

አንቀጽ 7። የተሻሩ ሕጎች

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1682፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ እንዲሁም “ዝም አይነቅዝም” የሚለው ተረት ተሽረዋል። ነቅዟል።

አንቀጽ 8። አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ ማንም ባያጸድቀውም በየቀኑ ከንጋቱ 12 ሰዓት ራሱን እያደሰ የጸና ይሆናል። ይህን ያነበብህ፣ እናትህ ዘንድ ስትሄድ ስልኳን ተቀበልና መልእክቶቿን አንብብላት።

አሶሳ፣ 2018 ዓ.ም.

የእናቴ ቀሪ ሂሳብ፦ 0 ብር ከ00 ሳንቲም