አንድምታ ዘፎከስ

«ፎከስ አድርግ!» እያሉ የሰውን ልጅ የሚያስጨንቁ መምህራን፣ ወላጆችና የቡድን መሪዎች በዝተዋል፤ አድርግ የሚሉት ነገር ምን እንደሆነ ግን አንዳቸውም አልበየኑም። ስለዚህም ይህን ድርሳን መጻፍ ግድ ሆነብን። አንባቢ ሆይ፣ አስተውል! (ትኩረት ስጥ አላልንህም፤ ገና አልተተረጎመምና።)

ፎከስ አንድም ምድጃ ነው። ላቲኖች እሳት የሚነድበትን ስፍራ እንዲህ ይሉት ነበር፤ ዮሐንስ ኬፕለር በ1604 እ.ኤ.አ. ስለ ብርሃን ባሳተመው መጽሐፉ ቃሉን ከማጀት አውጥቶ ለጂኦሜትሪ ዳረው። ማጉያ መስታወት ፀሐይን ሰብስቦ ደብተሩን ያቃጠለበት ተማሪ ስያሜውን አይነቅፍም።

አንድም የዓይን ነው። ሰው አርባን ሲሻገር የዓይኑ ሌንስ እየደነደነ ቅርቡን ማጥራት ይሳነዋል። ጋሼ የመብራት ቢሉን ክንዳቸውን ዘርግተው ሲያነቡ ከሂሳቡ የሸሹ ይመስላሉ፤ ሁለቱም ምክንያት ሊሆን ይችላል። አንድም የካሜራ ነው፤ ቀዳዳው በሰፋ ቁጥር ጠርቶ የሚታየው ርቀት ይጠባል። በሠርጉ ፎቶ ሙሽሪት ጠርታ ከኋላ የቆሙት አማት ቢደበዝዙ፣ የኦፕቲክስ ሕግ ነውና ቂም አይያዝ።

አንድም የከርሰ ምድር ነው። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ ሲናጥ የአዲስ አበባ የፎቅ ነዋሪም ተንቀጥቅጧል። በካርታ ላይ «ማዕከሉ እዚህ ነው» ተብሎ የሚጠቆመው ግን የላዩ መሬት ነው፤ ፎከሱ ከሥሩ ኪሎ ሜትሮች ጠልቆ ይገኛል።

እስካሁን ያልነው መቅድም ነበር። የነገሩ ምሥጢር ያለው በ1609 እ.ኤ.አ. ነው። ያን ዓመት ኬፕለር፣ ፕላኔት በክብ ሳይሆን በኢሊፕስ እንደሚዞር አስታወቀ። ኢሊፕስ ደግሞ ሁለት ፎከስ አለው። በአንደኛው ፀሐይ ተቀምጣለች። በሁለተኛውስ? ማንም የለም። ሆኖም ፕላኔቷ የትም ብትደርስ ከሁለቱ ፎከሶች ያላት ርቀት ድምር አይለወጥም፤ ባዶው ወንበርም በሂሳቡ ውስጥ እንደ ፀሐይዋ እኩል ይቆጠራል።

የመሥሪያ ቤቶቻችን «ልዩ ትኩረት» በየትኛው ፎከስ እንደሚያርፍ ሊቃውንት ሲከራከሩ ኖረዋል። እኛ ግን በድፍረት እንበይናለን፦ በሁለተኛው ነው። ደብዳቤው ይዞራል፣ ማኅተም ያርፍበታል፣ «ለሚመለከተው ክፍል» ይመራል፣ ደግሞም ይዞራል፤ ምህዋሩ አንዲት ስንዝር አይዛነፍም። ተቃዋሚዎች «በዕቅዱ ላይ 11 ዋና ዋና የትኩረት መስኮች አሉ እኮ!» ይሉናል። ብርሃንን ወደ 11 ነጥብ የሚልክ መስታወት በመነጽር ቤት ምን እንደሚባል ሄደው ይጠይቁ፤ «ተሰንጥቋል» ይሏቸዋል።

ለመሆኑ በባዶው ስፍራ ማን ተመድቧል ብሎ የሚመራመር ቢኖር፣ ስያሜውም መዝገብ ላይ አለ፦ ፎካል ፐርሰን። ፊልድ ወጥተዋል፤ ሰኞ ይመለሱ።