ጸጉር አለው እኮ!

ጎረቤቴ ጋሼ ማታ ማታ ካፖርታቸው ላይ ጋቢ ደርበው፣ ጆሯቸውን በፎጣ ጠቅልለው በረንዳ ላይ ብቅ ይላሉ። ውሻቸው ቦቢ ከቆርቆሮ ቤቱ ደጅ ታስሮ ይንቀጠቀጣል። «ጋሼ፣ ብርዱ አልበዛበትም?» ስላቸው መልሳቸው ሁሌም አንድ ነው፦ «ጸጉር አለው እኮ!»

ይቺ መልስ እንቅልፍ ነስታኛለች። ከአሰላ ታኅሣሥ ጋር እንተዋወቃለን። ከ2,400 ሜትር በላይ፣ ከጭላሎ ተራራ ግርጌ፤ ሰማዩ ጠርቶ ካደረ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ነው። ድመቷ ምድጃ ዳር ትተኛለች፤ ዶሮዎቹ ቤት ይገባሉ፤ ለጥጃውም ጥግ አይጠፋም። ውጭ የሚያድረው ሁላችንንም የሚጠብቀው ብቻ ነው።

ጋሼ ደግሞ ማስረጃ አያጡም። «ለቀይ ቀበሮ ተራራው ላይ ማን ጎጆ ቀለሰለት?» እውነት ነው፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ሜዳ ላይ ያድራል። ግን እንዴት? ከቤተሰቡ ጋር ተጠጋግቶ፣ ተጠቅልሎ፣ አፍንጫውን ጭራው ሥር ወሽቆ። ሲፈልግ ቦታ ይቀይራል። ፍልፈልና አይጥ አድኖ ይጠግባል እንጂ የእንጀራ ፍርፋሪ አይጠብቅም። ቀበሮውን ካነሳን አይቀር፣ በዓለም የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ሁሉም እኛው አገር ናቸው። ባሌ ላይ በተደጋጋሚ የፈጃቸው ብርድ ሳይሆን ከውሾቻችን የተጋባባቸው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ቀበሮው ለምስክርነት ቢጠራ የሚከሰው እኛን ነው፤ መጀመሪያም «ቦቢ ተከትቧል?» ብሎ ይጠይቃል።

ይህን ስነግራቸው ጋሼ ወደ አትሌቲክስ ዞሩ። «ኃይሌ ገብረ ሥላሴም ያደገው በዚሁ ብርድ ነው!»

እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። ኃይሌ ይሮጥ ነበር! ማንም በአጭር ሰንሰለት ቆርቆሮ ሥር አላሰረውም። ቆርቆሮ ቀን ይጠብሳል፣ ሌሊት ያንዘፈዝፋል። ገብስና ስንዴ በሚታፈስበት አርሲ፣ ጭዱ በየደጁ ተከምሮ ሳለ፣ ውሻ ባዶ ሲሚንቶ ላይ ማደሩ ድህነት አይደለም፤ ስንፍና ነው። ስንፍናም ሲበዛ ጭካኔ ነው።

ጋሼ ዝም አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሰው ያላየ ሲመስላቸው ከትኩስ ገንፏቸው ቆርሰው ሲሰጡት አይቻለሁ። ቆይተው የጭድ መወደድ አነሡ፤ ከጭድ ወደ ኮምባይነር ኪራይ፣ ከኮምባይነር ወደ ማዳበሪያ ዋጋ ተሻገርን፤ የቦቢ ጉዳይም በይደር ቀረ።

እናንተ ግን ይደር አትበሉ። አንድ እቅፍ ደረቅ ጭድ ጣሉለት፤ ጨርቅ አይሁን፣ እርጥበት ይይዛል። የመጠጥ ውኃውንም ጠዋት በረዶ ሠርቶ እንዳይሆን እዩለት።