ዘፋኙን የበላው ጃክ

የጆሮ ማዳመጫው ጃክ የተበላሸበት ሰው ከሩቅ ይታወቃል። ታክሲ ውስጥ ስልኩን በሁለት እጁ ጨብጦ፣ ሽቦውን በአውራ ጣቱ ወደ ላይ ገፍቶ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ትንፋሹን ውጦ የተቀመጠ ሰው ካያችሁ ጸሎት ላይ ያለ አይምሰላችሁ። የግራ ጆሮውን ድምፅ በመከራ አግኝቶ እንዳያመልጠው እየጠበቀ ነው። ረዳቱ "ሒሳብ!" ሲል ይሰማዋል። እጁን ወደ ኪሱ ከሰደደ ግን ዘፈኑ ይቋረጣል። ስለዚህ ረዳቱን ዐይን ዐይኑን እያየ በግንባሩ ይለማመጠዋል። የታክሲ ረዳት ደግሞ በግንባር የሚከፈል ሒሳብ አያውቅም።

ይህ ወገን በአራት ይከፈላል። የመጀመሪያው ጠምዛዥ ነው፤ ጃኩን ሲያሽከረክር ይውልና ድምፁ የመጣ ጊዜ ባለበት ደርቆ ይቀራል። ሁለተኛው ናስትሮ ጠቅላይ ነው፤ ዛሬ አንድ ዙር፣ ነገ አንድ ዙር እየጨመረ በመጨረሻ የጃኩ አንገት የቡና ዘነዘና ያህላል። ሦስተኛው የእስክሪብቶ ሞላ አውጥቶ ሽቦው አንገት ላይ የሚያጠልቅ ነው፤ ማዳመጫው ለጥቂት ቀን ይሠራል፣ እስክሪብቶው ግን ዳግመኛ አይጽፍም። አራተኛው ተስፋ የቆረጠው ነው። በአንድ ጆሮ ብቻ ይሰማል፤ ምነው ሲሉት "ሌላኛው ለመኪና ነው፣ እንዳልገጭ" ይላል። እኔ በአራቱም ዘርፍ በቅንነት አገልግያለሁ።

ማዳመጫዬ ዋሽንግተን የምትኖር ታላቅ እህቴ የላከችልኝ፣ ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ደህና ዕቃ ነው። ስፒከሩ ጤነኛ፣ ስፖንጁ ጤነኛ፣ ራስ ላይ የሚውለው ክፍል ጤነኛ። የታመመችው ጫፉ ላይ ያለችው ትንሽ ብረት ናት። ሕመሟም የተለየ ነበር፤ ትንሽ ነካ ካደረጓት ዘፋኙን ትበላዋለች። ከበሮው አለ፣ ኦርጋኑ አለ፣ የዘፋኙ የገደል ማሚቶ እንኳ ከሩቅ ይሰማል፤ ሰውየው ግን የለም። አንድ ወዳጄ ሰምቶት "ምን ችግር አለው? ለሠርግ መለማመጃ ይሆንሃል" አለኝ። ድምፄን ስለሚያውቀው መምከሩ ይሁን መሳደቡ አልገባኝም።

የዘፋኙ መሰወር ግን ምትሐት የለበትም። ባለ ሦስት ክፍሉ ጃክ ሹል ጫፉ የግራ፣ መሐል ያለው ቀለበት የቀኝ፣ ከታች ያለው ረጅሙ ክፍል ደግሞ የሁለቱ የጋራ መመለሻ ነው። ባለሙያዎች ግራውንድ ይሉታል። ይህ የጋራ ሽቦ ሲበጠስ ግራና ቀኙ አንዱ በሌላው በኩል ለመመለስ ይገደዳሉ። ያን ጊዜ በሁለቱ ውስጥ እኩል ያለው ድምፅ ተጣፍቶ የሚቀረው ልዩነታቸው ብቻ ነው። ዘፋኝ ሲቀዳ አብዛኛውን ጊዜ ከግራም ከቀኝም እኩል እንዲሰማ መሐል ላይ ስለሚቀመጥ መጀመሪያ የሚሄደው እሱ ነው። በሞኖ የተቀዳ የድሮ ዘፈን ከሆነማ ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ነውና ባንዱም ከዘፋኙ ጋር ተያይዞ ይሄዳል። ለእኔ ለድሮ ዘፈን ወዳዱ ደግሞ ይህ ማለት ፍጹም ጸጥታ ነው።

ሽቦው የሚበጠሰውም አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው። ፋብሪካው ጃኩንና ገመዱን አንድ ላይ ፕላስቲክ ያፈስስባቸውና ይደፍናቸዋል። ገመዱ ይታጠፋል፣ ጃኩ አይታጠፍም። ኪስ ስንከት፣ ስናወጣ፣ ስንጠቀልል፣ ተኝተንበት ስንነሣ መታጠፊያው ያው አንገቱ ነው። ከውስጥ ያሉት ለዐይን የሚያስቸግሩ የመዳብ ክሮች አንድ በአንድ እየተበጠሱ ያልቃሉ፤ ላዩ ግን እንዳማረበት ነው። ከፍቶ ለማየት ቢፈልጉ መፍቻ የለውም፤ ያለው አማራጭ መቁረጥ ብቻ ነው።

መጀመሪያ የሄድኩት የስልክ ዕቃ ወደሚሸጥ ልጅ ዘንድ ነበር። ማዳመጫውን በሁለት ጣቱ አንሥቶ፣

"ፋዘር፣ ይሄ አይሠራም። ጣለውና ብሉቱዝ ውሰድ" አለኝ።

"ጃኩ ብቻ ነው እኮ የተበላሸው።"

"ፋዘር፣ ጃክ የሚባል ነገር ቀርቷል። አዲሶቹ ስልኮች ቀዳዳም የላቸው።"

እውነቱን ነው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2016 አይፎን 7ን ሲያወጣ የማዳመጫውን ቀዳዳ ደፍኖ ነው ያወጣው። ለምን እንደተደፈነ የኩባንያው ኃላፊ መድረክ ላይ ሲያስረዱ ከምክንያቶቹ አንዱ ድፍረት እንደሆነ ተናገሩ። ቀዳዳ መድፈን ድፍረት ከሆነ የሰፈራችን ቧንቧ ሠራተኛ ኒሻን ይገባዋል። እኔን ያበሸቀኝ ግን የቀዳዳው ነገር አይደለም፤ በአንድ ትንፋሽ ሁለት ጊዜ "ፋዘር" መባሌ ነው።

ከዚያ መርካቶ፣ ቴፕ ሪከርደርና ራዲዮ ሲጠግኑ ጠጉራቸው ወደ ሸበተ አንድ ባለሙያ ሄድኩ። "ና ግባ ልጄ" ሲሉኝ ያ የስልክ ዕቃ ሻጭ የወሰደብኝን ዕድሜ መለሱልኝ። የሱቃቸው ግድግዳ ሽቦ ነው፣ ጣሪያው ሽቦ ነው፣ የሚቀመጡበት በርጩማ ሥር ሳይቀር ሽቦ ነው። ጃኩን አዩትና ከመሳቢያቸው አንድ ትልቅ የናስ ጃክ አውጥተው ከጎኑ አስቀመጡት።

"ይሄ አባቱ ነው" አሉ። "አባትየው ይፈታል፣ ልጁ አይፈታም። ዘመኑ እንዲህ ነው።"

አባትየው 6.35 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ እስከ ዛሬ በጊታርና በአምፕሊፋየር ላይ የምናየው ነው። የዘር ሐረጉ ከስልክ ማዞሪያ ይመዘዛል። አሜሪካ ውስጥ፣ ኒው ሄቨን በተባለች ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1878 የንግድ ስልክ ማዞሪያ ተከፈተ፤ ብዙም ሳይቆይ ማዞሪያዎች ይህን መሳይ ጃክ መጠቀም ጀመሩ። ኦፕሬተሯ የአንዱን ደንበኛ ገመድ ነቅላ የሌላው ቀዳዳ ላይ ስትሰካ ትውላለች። ቀኑን ሙሉ የሚነቀልና የሚሰካ ነገር ደግሞ ጠንካራና የሚጠገን መሆን ነበረበት። ልጁ፣ 3.5 ሚሊ ሜትሩ፣ በትራንዚስተር ራዲዮ ዘመን መጣ። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው የመጀመሪያው የሶኒ ዎክማን እንዲያውም ሁለት ቀዳዳ ነበረው፤ ሁለት ሰው በየራሱ ማዳመጫ አንድ ዘፈን እንዲሰማ ተብሎ። አሁን ፍቅረኞች አንዱን ማዳመጫ ግራና ቀኝ ይካፈላሉ፤ ግራው የማይሠራ ከሆነ ፍቅራቸው የሚፈተነው ያኔ ነው።

"ልቀይርልህ እችላለሁ" አሉኝ ሰውየው፤ "ግን እዚህ ያለው ጃክ ርካሽ ነው። መሐሉ ያለው ፕላስቲክ ገና ብየዳው ሳይዝ ይቀልጣል። ቀለበቱ ይንሸራተትና ግራና ቀኙ ይነካካሉ። ደህና ጃክ አምጣና በወግ እንሥራው።"

ለእህቴ ደወልኩ።

"እትዬ፣ ሰው የሚመጣ ካለ ጃክ ላኪልኝ።"

"ጃኬት?"

"ጃኬት አይደለም፣ ጃክ። የማዳመጫ ጫፍ።"

"ጫፉን ብቻ? አንተ ልጅ ደህና ነህ? ሰው ስልክ ያስልካል፣ ሰው ቫይታሚን ያስልካል፣ አንተ የሽቦ ጫፍ?"

ደህና መሆኔን ለማስረዳት ብዙ ደቂቃ ፈጀብኝ። ስለ ኖይትሪክ ነገርኳት፤ እ.ኤ.አ. በ1975 የተመሠረተ፣ መቀመጫው ሊክተንስታይን የሆነ የድምፅ ማገናኛ ሠሪ ነው። ሊክተንስታይን ጠቅላላ ስፋቷ 160 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ የአዲስ አበባን ሲሶ እንኳ አትሞላም። ጦር የላትም፣ አውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ ብዙ የዓለም ዘፋኞች መድረክ ላይ ድምፃቸው እንዳይቋረጥ የሚሰኩት ጃክ ግን ከዚያች አገር ኩባንያ ነው። ያ ከጠፋ የቺካጎው ስዊችክራፍት እንደሚሆንም ጨመርኩላት። እህቴ ሰምታ ሰምታ "እማዬ እንዲህ እንደሆንክ ታውቃለች?" አለችኝ።

ዕቃው ግን መጣ። መንገደኛዋ ጃኬት ሰጠችኝ። ጃኩ ከጃኬቱ ኪስ ውስጥ ነው የተገኘው። እህቴ ለማንኛውም ብላ ነው ሁለቱንም የላከችው።

ሰውየው ጃኩን ተቀብለው የብረት ቆቡን በጣታቸው አሽከርክረው ፈቱት። ውስጡ ሽቦ የሚበየድባቸው ሦስት ምላሶች፣ ገመዱን ነክሶ የሚይዝ ጥርስ አለው። ጥርሱ የሚነክሰው የገመዱን ልብስ ነው፤ ስለዚህ ገመዱ ቢጎተት ጉተታው ብየዳው ዘንድ አይደርስም። መልሰው ጠመዘዙት፣ እንደገና ፈቱት። ደስ ብሏቸዋል።

"የሚፈታ ነገር የሠራ ሰው፣ ዕቃው አንድ ቀን እንደሚበላሽ አምኗል" አሉኝ። "የማይፈታ የሠራው ግን ወይ አይበላሽም ብሎ ዋሽቶሃል፣ ወይ ተመልሰህ እንድትገዛ ይፈልጋል።"

ከዚያ ወደ ሥራው ገቡ። የመጀመሪያው ትእዛዝ "ቆቡን ቀድመህ ገመዱ ላይ አስገባ" የሚል ነው። በየትኛውም አገር ያለ በያጅ አሳምሮ በይዶ ሲጨርስ፣ ቆቡ ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሎ ሲያየው አግኝቶት ያውቃል ይባላል። ያን ጊዜ የሠሩትን ማፍረስ ነው። ገመዱ ለጃኩ ጥርስ ከቀጠነ በሙቀት የሚኮማተር ፕላስቲክ ቱቦ አልብሰው ያወፍሩታል፤ እሱም ቢሆን አስቀድሞ መግባት አለበት።

ሁለተኛው የሽቦዎቹ ነገር ነው። ቀዩ የቀኝ ነው፤ ቀይ ለቀኝ ብሎ መያዝ ነው። አረንጓዴው ወይም ሰማያዊው የግራ፣ የመዳብ መልክ ያለው ደግሞ የጋራው። ይህ የተለመደው አሰላለፍ ነው እንጂ ሕግ አይደለምና በቴስተር ያረጋግጡታል። ያ ቀለም ደግሞ ለጌጥ የተቀባ አይደለም፤ ክሮቹ እንዳይነካኩ የሚለይ ስስ ቫርኒሽ ነው። ቫርኒሹ ሳይነሣ ብየዳው እየተንከባለለ ይወድቃል እንጂ አይዝም። ስለዚህ ጫፍ ጫፉን በጋለው መበየጃ ያቃጥሉታል።

ሦስተኛው ሙቀት ነው። ከመቶ 63 እጅ ቆርቆሮና 37 እጅ እርሳስ የሆነው የብየዳ ሽቦ በ183 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይቀልጣል፤ መበየጃው ራሱ ግን ከዚያ እጅግ የጋለ ነው። ጃኩን ከአንድ አሮጌ ራዲዮ በተነቀለ ቀዳዳ ላይ ሰክተው ነው የበየዱት። ቀዳዳው ሙቀቱን ይጋራዋል፤ ፕላስቲኩ ቢለሰልስ እንኳ ክፍሎቹ ከቦታቸው እንዳይንቀሳቀሱ ይይዛቸዋል። መበየጃውን ነካ አድርገው ሲያነሡ ጢሱ እጣን እጣን ሸተተኝ። ብየዳው ሆድ ውስጥ ያለው የጥድ ሙጫ ነው። "ይሸታል ብለህ አፍንጫህን አታስጠጋ" አሉና ሲጨርሱ እጃችንን በሳሙና አስታጠቡን፤ እርሳስ የነካ እጅ እንጀራ አይነካም።

ቆቡ ተጠመዘዘ፣ ቴስተሩ ጮኸ፣ የድሮ የሞኖ ዘፈን ከፈትኩ። ዘፋኙ ባንዱን አስከትሎ ተመለሰ። ሰውየው የጠየቁኝ ዋጋ የአዲስ ማዳመጫን ሽራፊ አያህልም። ተጨማሪ ብሰጣቸው "ዘፈኑን አሰማኝና ይበቃናል" አሉኝ።

አዲሱ ጃክ ነቀፌታ የለበትም ማለቴ አይደለም። ወገቡ ስለወፈረ በስልኬ ሽፋን ቀዳዳ አልገባ ብሎ ሽፋኑን በምላጭ መቁረጥ ግድ ሆኗል። ልጄ ስልኬን አይታ "አይጥ በላችው?" ብላለች። ይሁን፤ አይጥ የበላው ሽፋን ዘፋኝ ከሚበላ ጃክ ይሻላል።

እንግዲህ አንባቢዬ ሆይ፣ ደህና ማዳመጫ ያለህ ከሆነ ለጫፉ ብለህ አትጣለው፤ የሚበይድ ሰው ፈልግ፣ ደህና ጃክ ግዛ፣ ቆቡን አስቀድመህ አስገባ። አዲስ ልትገዛ ከሆነም ሻጩን "ድምፁ እንዴት ነው?" ብለህ አትድከም፤ ሁሉም "አንደኛ ነው" ይልሃል። "ይፈታል ወይ?" ብለህ ጠይቀው። ከት ብሎ ከሳቀብህ አይፈታም ማለት ነው፤ ሌላ ሱቅ ሂድ።